ቀድሞ የተበላው ማን ነው?

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ሊያባራ አላሰበም፤ ከጊቤ በኩል የተነሣው ጉም ሽቅብ ወጥቶ የጃጁራን እንሰት ሁሉ ውጦታል፤ ሆሳዕና ጉዳይ ያለውም ሰው ዛሬ ሳይሆን ነገ ይሄዳል። የሚያስቸኩለን ነገር የለም። የማወጋችሁ ስለ አንድ ንጉሥ ነው፤ ክፉ ንጉሥም አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ወጋችን አጭር በሆነ ነበር፤ ክፉ ንጉሥ ነበር፣ ወደቀ፣ ብሎ ማለፍ ነው። ይኼኛው ግን እውነት በመናገር አገር የመሰከረለት፣ ጠላቶቹ እንኳ ቃሉን የሚያምኑት ሰው ነበር፤ የወደቀውም በዚያው በቃሉ በኩል ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድበት።

አገሩ ሕንድ ነው። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለው በጃንሆይ ዘመን ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሯችሁን ሕንዳውያን መምህራን ታስታውሳላችሁ። እነሱ በልጅነታቸው ከአያቶቻቸው የሰሙት ታላቅ ታሪክ ማሃባራታ ይባላል፤ 18 መጻሕፍት አሉት፣ ስንኙም ወደ 100,000 ይጠጋል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር፣ እሑድ ጧት የሕንድ ከተሞች መንገድ ጭር ይል ነበር። እኛ ግን ከዚያ ሁሉ የምንፈልገው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ያለውን፣ ንጉሡ ቁማር የተቀመጠበትን ቀን።

ንጉሡ ዩዲሽቲራ ይባላል። አባቱ ሞቶበት ከአራት ወንድሞቹ ጋር በአጎቱ ቤት ያደገ ነው። አጎቱ ድሪታራሽትራ ዓይነ ስውር ንጉሥ ነበር፣ 100 ወንዶች ልጆችም ነበሩት፤ የበኩሩም ስም ዱርዮዳና ነው። ያው እንደምታውቁት፣ የአንድ አያት ልጆች ርስት ሲካፈሉ ጥሩው ማሳ ለማን እንደሚደርስ የታወቀ ነው፤ ለእነ ዩዲሽቲራ የደረሳቸው ጫካ ነበር። እነሱም ምንም ሳይሉ ወደ ጫካው ሄዱ፣ ከዚያም ኢንድራፕራስታ የሚባል ከተማ ቆረቆሩበት፤ ዛሬ ዴልሂ ባለበት አካባቢ ነበር ይባላል። ከዚያም የቀረውን ጫካ አቃጠሉት፣ ከዚያም ማያ የሚባል ጥበበኛ አዳራሽ ሠራላቸው፣ ወለሉ ውሃ የሚመስል፣ ውሃውም ከመጥራቱ የተነሣ ወለል የሚመስል። ነገሥታቱ ሁሉ ግብር ይዘው መጡ፣ ዩዲሽቲራም የነገሥታት የበላይ ተብሎ ተቀባ፣ ዱርዮዳናም ከእንግዶቹ አንዱ ሆኖ ያን ሁሉ ወርቅ ሲቆጠር ቆሞ አየ።

ታዲያ አንድ ቀን ይህ ዱርዮዳና በአዳራሹ ሲዘዋወር፣ ደረቁን ወለል ውሃ መስሎት ልብሱን ሰብስቦ ተራመደ። ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ ውሃውን ወለል መስሎት ከነልብሱ ገባበት። ቢማ ሳቀ፤ ቢማ ማለት ሁለተኛው ወንድም ነው፣ ጉልበተኛው፣ አፉን መያዝ የማይችለው። ሎሌዎቹም ሳቁ። ደረቅ ልብስ አምጥተው አለበሱት፤ የተሳቀበት ሰው ግን ልብስ ቢለውጥ ምን ይለወጥለታል? መጻሕፍቱ ስለ ጦርነቱ መነሻ ብዙ ይላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያ ጦርነት የተጀመረው እዚያች ገንዳ ዳር ነው።

ዱርዮዳናም ወደ አገሩ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ዝም አለ፣ ከዚያም ምግብ ተወ፣ ከዚያም ከሳ፣ ገረጣም። አብሮት የነበረው የእናቱ ወንድም ሻኩኒ ነበር፤ ምን ሆነሃል ልጄ አለው። የእነሱን ማየት አቃተኝ፣ በጦር እንዳልወጋቸው ደግሞ አልችላቸውም አለ። ሻኩኒም፣ ጦር ምን ያደርግልሃል፣ ያ ሰው ቁማር ይወዳል፣ መጫወት ግን አያውቅም፤ አባትህ ይጥራውና እኔ እቀመጥለታለሁ፣ ከተጠራ አይቀርም አለው። ልብ በሉ፤ ሻኩኒ የተማመነው በእጁ ፍጥነት ብቻ አይደለም። የሰውየውን ጨዋነት አውቆት ነበር። ሌባ በር ሲመርጥ ባለቤቱ ከሁሉ ይልቅ የሚኮራበትን በር መምረጡ ነው።

ዓይነ ስውሩ አባት መጀመሪያ እምቢ አለ። ልጁን ግን ይወድ ነበርና፣ ውሎ ሲያድር እሺ አለ፣ ከዚያም ወንድሙን ቪዱራን ሄደህ ጥራቸው ብሎ አዘዘው። ቪዱራ ከአገልጋይ የተወለደ ወንድም ነው፤ ምክሩን ሁሉም ይሰማል፣ ማንም አይከተለውም። ይህ ነገር ዘራችንን ያጠፋል ብሎ ተናገረ፣ ተናግሮም ሲያበቃ ፈረስ አስጭኖ ሄደ፤ ንጉሥ አዞታልና። ያን መንገድ ሲሄድ ምን ያስብ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። የማያምንበትን ጥሪ ይዞ፣ የሚወዳቸውን ልጆች ሊጠራ። ኢንድራፕራስታም ሲደርስ ወጥተው ተቀበሉት፣ ፊቱ ለምን እንደጠቆረም ጠየቁት። እሱም አልዋሸም። ቁማር ተዘጋጅቷል፣ ቁማር ደግሞ የጥፋት ሥር ነው፣ እኔ ልከለክል ሞክሬ አልሆነልኝም፣ አንተ ለራስህ የሚበጅህን አድርግ አለው።

ዩዲሽቲራም አሰበ። እነማን ተቀምጠዋል ብሎ ጠየቀ፣ ሻኩኒ መኖሩንም ሰማ፤ አጭበርባሪዎች መሆናቸውንም በአፉ ተናገረ። ከዚያም፣ በፈቃዴ ከሻኩኒ ጋር ቁማር አልቀመጥም፣ በጉባኤ ፊት ከጠራኝ ግን እምቢ አልልም፣ ይህ የማልሽረው ቃሌ ነው አለ። በማግስቱም ወንድሞቹንና ቤተሰቡን፣ የአምስቱም ሚስት የሆነችውን ድራውፓዲን ይዞ ተነሣ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም፤ የራሳችንን ሰው ላስታውሳችሁ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐድያን ይገዙ የነበሩት አማኖም ተጠርተው ነበር። የጠሯቸው ዓፄ አምደ ጽዮን ናቸው፤ ግብር ይዘህ ና ተብለው። ያን ጊዜ ሐድያ ትንሽ አገር እንዳይመስላችሁ፤ በዚያው መቶ ዓመት የጻፈው አረቡ አል ዑመሪ 40,000 ፈረሰኛ የሚያሰልፍ ንጉሥ አላት ብሎ ጽፏል፤ ገበያዋም በመርፌ ቁመት በተቀጠቀጠ ብረት እንደሚገበያይ ጨምሮ። የአምደ ጽዮን ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ በአማኖ አጠገብ በልዓም የሚባል ነቢይ ነኝ ባይ ነበረ፤ አትሂድ፣ ግብርም አትስጥ፣ ከመጣም በእጅህ ይወድቃል አላቸው። አማኖም አመኑት፣ ቀሩም። ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጥተው ዘመቱ፣ ብዙ ሰውም አለቀ፣ ሽማግሌና ሴት ሕፃንም ሳይቀር ተማርኮ ተነዳ። በልዓም ግን አመለጠ፤ ወደ ይፋት ሸሸ። ዜና መዋዕሉን የጻፈው የአሸናፊው ጸሐፊ ነው፣ ይህን አትርሱ፤ አማኖ ለምን እምቢ እንዳሉ የራሳቸው ጸሐፊ ቢኖር ሌላ ይለን ይሆናል። ለጊዜው ግን ሁለቱን አስተያዩልኝ፤ አንዱ ተጠርቶ ሄደ፣ አንዱ ተጠርተው ቀሩ። ያስያዙት ነገር ግን አንድ ዓይነት ነው። ወደዚያ እንደርሳለን።

እነ ዩዲሽቲራ የአጎታቸው ከተማ ሃስቲናፑራ ደረሱ፣ ተሳሳሙ፣ ሽማግሌዎቹን እጅ ነሡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ዘፋኞች እየዘፈኑላቸው ተኙ። ሲነጋም ታጥበው ወደ አዲሱ አዳራሽ ገቡ። ሻኩኒ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ዳይሱ ይኸው አለ። ዩዲሽቲራ ማታለል ኃጢአት ነው ሲል፣ ሻኩኒ ፈርተህ ከሆነ ተወው አለው። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አላስፈለገውም። የሚገርመው ደግሞ መያዣውን የሚያስይዘው ዱርዮዳና ነው፣ የሚወረውረው ግን አጎቱ። አንዱ ስለ ሌላው ሲወረውር ይህ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ብሎ ዩዲሽቲራ ጠየቀ፣ ጠይቆም ተቀመጠ። የቁማርተኛን ነገር ያየ ያውቀዋል፤ እንደተታለለ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የሚቀመጠው።

መጀመሪያ የአንገቱን ሉል አስያዘ። ሻኩኒ ወረወረ፣ ከዚያም በላሁ አለ። ወርቅ የሞላባቸውን ማሰሮዎች አስያዘ። በላሁ። የሚቀመጥበትን ሠረገላ ከነፈረሶቹ አስያዘ። በላሁ። ከዚያም ሴቶች አገልጋዮቹን፣ ከዚያም ወንዶቹን፣ ከዚያም ዝሆኖቹን ከነኮርቻቸው፣ ከዚያም ሠረገሎቹንና ተዋጊዎቹን ከነደሞዛቸው አስያዘ፤ ሻኩኒም በየመሐሉ ያችኑ አንድ ቃል ይላል። ቪዱራ ተነሣና ዓይነ ስውሩን ንጉሥ፣ ይህን ልጅህን አንዱን ስጥና ወገንህን አድን ብሎ ለመነ፤ ዱርዮዳናም ዘለፈው። ጨዋታው ቀጠለ። ከብቱ ሄደ፣ ከተማው ሄደ፣ አገሩ ሄደ፣ የወንድሞቹ ጌጥ ከላያቸው ወለቀ።

በዚህ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ አስቡት። አያታቸው ቢሽማ አሉ፣ መምህራቸው ድሮና አሉ፣ ካህናት አሉ፣ ነገሥታት አሉ። ዓይነ ስውሩ አባት ደግሞ ማየት ስለማይችል ዳይሱ ሲንኳኳ አንገቱን እያሰገገ ተበላ? ተበላ? እያለ ይጠይቃል፤ ደስታውን መደበቅ አቃተው። እኔ ከቁማሩ ይልቅ የምጠላው ይህን ነው። ልጁ ሲቀማ ደስ የሚለው አባት እጁ ዳይስ አልነካም፤ እንደ ንጹሕ ሰው ተቀምጧል።

አሁን የቀረህ አለ? አለ ሻኩኒ። ዩዲሽቲራም ታናሽ ወንድሙን ናኩላን አስያዘ። ተበላ። ሳሃዴቫን አስያዘ። ተበላ። ሻኩኒ እዚህ ላይ ጨው ነሰነሰበት፤ ሁለቱ የእንጀራ እናትህ ልጆች ናቸው፣ የእናትህን ልጆች ግን ትሳሳላቸዋለህ አለው። እሱም ወንድሞቼን ልትለያይ ነው? ብሎ ተቆጣ፣ ተቆጥቶም አርጁናን አስያዘ፣ ከዚያም ቢማን። ከዚያም ሌላ ሲያጣ ራሱን። በላሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ሰው ራሱን ከተበላ በኋላ ምን ይቀረዋል? ሻኩኒ ግን ሚስትህ አለችልህ፣ በእሷ ራስህን አስመልስ አለው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ ይህችን ቃል፤ ላስመልስ። በሆሳዕናም በዱራሜም፣ ለሐድያ ሆሳዕና ሊያጨበጭብ መሄድ ሲገባው ስልኩ ላይ አፍጥጦ ስለ እንግሊዝ ቡድን የሚጨነቀውን ልጅ ጠይቁት፤ ቤቲንግ ላይ ያጠፋው ትርፍ ፈልጎ እንዳይመስላችሁ፣ ትናንት የተበላውን ሊያስመልስ ነው። ዩዲሽቲራም ድራውፓዲን አስያዘ። ከማስያዙ በፊት ደግሞ ቁጭ ብሎ ባሕሪዋን ዘረዘረ፤ ማታ ከሁሉ በኋላ ነው የምትተኛው፣ ጧት ከሁሉ በፊት ነው የምትነሣው፣ እረኞቹ ምን እንደሠሩና ምን እንዳልሠሩ ሳይቀር ታውቃለች እያለ። ጎበዝ ሚስት እንዳለችው የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያወቀውን ሁሉ ለዋጋ ነው የተናገረው። ሽማግሌዎቹ ኤዲያ ኤዲያ አሉ፣ ቪዱራ ራሱን ይዞ አቀረቀረ፣ የአንዳንዶች እንባ ወረደ። ሻኩኒ ወረወረ።

ዱርዮዳናም መልእክተኛ ላከ፤ ሂድና አምጣት፣ ከእንግዲህ ቤት ትጥረግ ብሎ። መልእክተኛው ወደ ሴቶቹ ክፍል ገባና ነገሩን እየፈራ ነገራት። እሷም አልጮኸችም። ሂድና እዚያ ያለውን ቁማርተኛ ጠይቀው፤ መጀመሪያ የተበላው ራሱን ነው ወይስ እኔን? ይህን አውቀህ ና፣ ከዚያ እመጣለሁ አለችው።

ጥያቄዋን አጣጥሟት። ራሱን ቀድሞ ከተበላ ባሪያ ሆኗል፤ ባሪያ ደግሞ የራሱ የሆነ ነገር ከሌለው፣ ሌላውን ሰው በምን ሥልጣን ያስይዛል? ቀድሞ እኔን ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አዳራሽ ሙሉ ሊቃውንት ተቀምጦ ያላሰበውን፣ በክፍሏ ውስጥ አንዲት ልብስ ለብሳ፣ በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት በአንዲት ደቂቃ አሰበችው። መልእክተኛው ተመልሶ ጠየቀ። ዩዲሽቲራ ነፍሱ የወጣች ይመስል ዝም አለ። ዱርዮዳና እዚህ መጥታ ትጠይቅ አለ። ከዚያም ታናሽ ወንድሙ ዱህሻሳና ሄደና በፀጉሯ እየጎተተ አመጣት፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ቆማም ጠየቀች። ቢሽማ፣ የሕጉ አባት፣ ይህ ነገር ረቂቅ ነው፣ መፍታት አልቻልኩም አሉ። ሚስት የባል ናት ይባላል፣ የራሱ የሌለው ግን የሌላ አያስይዝም፤ በሁለቱ መካከል ቀሩ። ከ100ዎቹ ወንድማማቾች አንዱ፣ ቪካርና የሚባለው ወጣት ብቻ ተነሥቶ አልተበላችም ብሎ ተናገረ፤ ተቆጥተው አስቀመጡት። ዱህሻሳና ልብሷን መግፈፍ ጀመረ። ታሪኩ እንደሚለው ሲገፍ ሌላ ልብስ ከሥሩ ይወጣል፣ ሲገፍ ሌላ ይወጣል፣ ክምሩ አዳራሹ መካከል ከፍ አለ፣ እሱም ደክሞት ተቀመጠ። ቢማ ጥርሱን እያፋጨ የዚህን ሰው ደረት ቀድጄ ደሙን ካልጠጣሁ ብሎ ማለ።

አሁን ወደ አማኖ ልመልሳችሁ። ያ ሁሉ ተማርኮ የተነዳ የሐድያ ሰው፣ ገበሬው፣ አራሷ፣ እንሰት ስትፍቅ የተያዘችው ሴት፣ በልዓም ሲተነብይ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ? ማን ጠየቃቸው? ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ በዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜም እንዲሁ ሆነ፤ የሐድያው ገዥ ገራድ ማሂኮ ሸፈቱ፣ በመጨረሻም በዳሞት ሰዎች ተገደሉ። እህታቸው ግን እቴጌ እሌኒ ናቸው፤ የሐድያው ገራድ ልጅ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት። ወንድም በአንድ በኩል፣ ባል በሌላ በኩል፣ ሁለቱም በየፊናቸው ሲወረውሩ እሳቸው መካከል ነበሩ። ያን አልፈው ኖሩ፣ አርጅተውም በልብነ ድንግል የልጅነት ዘመን አገር መሩ፣ ወደ ፖርቱጋልም መልእክተኛ ላኩ። ወንድምዎ ስለተገደሉበት ቀን ምን ተሰማዎት ብሎ የጠየቃቸው ጸሐፊ የለም።

ወደ አዳራሹ እንመለስ። በዚያን ሰዓት በንጉሡ ቤት ቀበሮ ጮኸ፣ አህዮችም መለሱለት፤ ዓይነ ስውሩ አባት ያን ጊዜ ፈራ። ደስታው ሲጠፋ አስተዋይ ሆነ። ልጄ የምትፈልጊውን ለምኚኝ አላት። መጀመሪያ ዩዲሽቲራን ነጻ አውጣልኝ፣ ልጄ የባሪያ ልጅ እንዳይባል አለች። ሁለተኛ ለምኚ አላት፤ አራቱን ከነመሣሪያቸው አለች። ሦስተኛ ሲላት በቃኝ፣ መስገብገብ ያጠፋል አለች። አንዲት ሴት ሁለት ነገር ለምና መንግሥት አዳነች፣ አባትየውም የተበላውን ሁሉ መለሰላቸው፣ ሠረገላቸውን ጭነው መንገድ ጀመሩ።

ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ ሌላ መልእክተኛ ደረሰባቸው። አንድ እጅ ብቻ፣ ተመለስ፣ የተሸነፈ 12 ዓመት ጫካ ይኑር፣ 13ኛውንም ዓመት ተሸሽጎ ይኑር የሚል። ሰው እንዴት ይመለሳል ትላላችሁ፤ ከነሠረገላው፣ ከነሚስቱ፣ ፀጉሯ ገና ሳይታሰር። ተመለሰ። የአጎቴን ትእዛዝ እምቢ አልልም ብሎ ተመለሰ። ተቀመጠ፣ ሻኩኒ ወረወረ፣ ያንኑ ቃል አለ።

ከዚያም ጫካ። የ12 ዓመቱን ዝናብና ፀሐይ እዝለለዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። እዚያ ጫካ ውስጥ አንድ ባሕታዊ የሌላ ቁማርተኛ ንጉሥ የናላን ታሪክ ነገረው፣ ቀጥሎም የዳይስን ምሥጢር አስተማረው። ዩዲሽቲራ ከዚያ በኋላ መጫወት ቻለ። በ13ኛው ዓመትም ስሙን ለውጦ በንጉሥ ቪራታ ቤት ተቀጠረ፤ ሥራው ምን መሰላችሁ? ከንጉሡ ጋር ዳይስ መጫወት። ድራውፓዲ በዚያው ቤት የንግሥቲቱ ፀጉር ሠሪ ሆነች። አንድ ቀን ቪራታ ልጄ ጦርነት አሸነፈልኝ ብሎ ሲፎክር፣ ዩዲሽቲራ ያሸነፈው ሌላ ሰው ነው ብሎ እውነቱን ተናገረ፤ ንጉሡም ተናዶ ዳይሱን ፊቱ ላይ ወረወረበት። አፍንጫው ደማ። እሱ በእጁ ደሙን ሲይዝ ድራውፓዲን አያት፣ እሷም የልቡን አውቃ ውሃ ያለበት የወርቅ ዕቃ አመጣችና ደሙ መሬት ሳይነካ ተቀበለችው። ደሙ መሬት ቢነካ ንጉሡና አገሩ ይጠፉ ነበርና። 

13ቱ ዓመት አለቀ። አገራችንን መልሱልን አሉ፤ እምቢ ተባሉ። እሺ አምስት ቀበሌ ብቻ ስጡን አሉ። ዱርዮዳና የመርፌ ጫፍ የሚነካት መሬት አልሰጥም አለ። ኩሩክሼትራ ሜዳ ላይ ተገናኙ፣ 18 ቀን ተዋጉ፣ 100ዎቹም ወንድማማቾች አለቁ፣ ሻኩኒም ሞተ፣ አልተበላችም ብሎ የተናገረው ቪካርናም ሞተ፣ የድራውፓዲ ልጆች አምስቱም በተኙበት ታረዱ። ዩዲሽቲራ ነገሠ። አያታቸው ቢሽማ ፍላጻ በፍላጻ ሆነው፣ በፍላጻው ላይ እንደተጋደሙ ስለ ንግሥናና ስለ ሕግ አስተማሩት፣ መጽሐፍ ሙሉ። የድራውፓዲን ጥያቄ ግን የፈታላት የለም።

እንግዲህ የጃጁራ ሽማግሌዎች፣ ነገሩ ለእናንተ ቢመጣ ማንን ታስቀርባላችሁ? ዩዲሽቲራን ትሉ ይሆናል፤ ዝም ይላችኋል። ዓይነ ስውሩን ትሉ ይሆናል፤ አላየሁም ይላችኋል። እኔ ግን መጀመሪያ የማስጠራው ያንን መልእክተኛ ነው። ዱርዮዳና አምጣት ብሎ ዳግም ሲያዘው፣ ይህ ሎሌ ከጌታው ቁጣ ይልቅ ጥያቄዋን ፈርቶ፣ ወደ ጉባኤው ዞሮ፣ ታዲያ ምን ብዬ ልንገራት? ብሎ ቆሞ ነበር። ስሙን የጻፈው የለም። እሱ ይቅረብና፣ ያን ቀን ያቺን ጥያቄ ሲያደርስ ከሽማግሌዎቹ መካከል ማን ወደ መሬት እንዳየ አንድ በአንድ ይንገራችሁ።